መሣሪያው «አልተገኘም» ሲለን

(በካምፓላ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተደረገ ንግግር)



ከካባላጋላም ከንሳምቢያም የዕለት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በቅድሚያ እናመሰግናለን። የዛሬው ጉዳያችን ጣታችንን፣ ዓይናችንንና ፊታችንን እያነበበ በር ስለሚከፍተውና ስለሚዘጋው መሣሪያ ነው። እኛ መምህራን እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች አይደለንም፤ ሆኖም ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁን አንብበን የተረዳነውን እናካፍላችኋለን።

ከመካከላችን በጽዳትና በምግብ ቤት ሥራ የተሰማሩ ወገኖች ጠዋት ሲገቡና ማታ ሲወጡ በር ላይ የተተከለውን ሣጥን በጣታቸው ይነካሉ። ፊት የሚያይም አለ። ለስደተኛ ግን የዚህ መሣሪያ ትልቁ በር የሕንፃ በር ሳይሆን የምዝገባ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የኡጋንዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በመላ አገሪቱ ያሉትን ስደተኞች በጋራ እንደገና ሲያጣሩ የጣት አሻራና የዓይን ምስል ተወስዷል። ምክንያቱም የስደተኛው ቁጥር ተጋንኗል የሚል ክስ ተነሥቶ ስለነበር ነው። ቀድሞ 1.4 ሚሊዮን ይባል የነበረው ቁጥር ተጣርቶ ወደ 1.1 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። በዚያ ማጣራት ያልተገኘ ሁሉ ግን የሐሰት ስም ነበር ማለት አይደለም፤ አገር የለቀቀም፣ የሞተም፣ በዕለቱ መቅረብ ያልቻለም ሰው ይኖርበታል።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። በጣታችን ላይ ያሉት መሥመሮች የሚገጥሙበትንና የሚቋረጡበትን ቦታ ወደ ቁጥር ለውጦ ያስቀምጣል። በሌላ ቀን ስንነካው አዲሱን ከቀድሞው ጋር ያስተያይና መመሳሰሉ ከተወሰነ ልክ በላይ ከሆነ ይከፍታል፤ ካነሰ ይዘጋል። ይህንን ልክ የሚወስነው ሰው ነው። ልኩ ሲጠብቅ ባለቤቱን ራሱን ይመልሳል፤ ሲላላ ደግሞ ሌላውን ሰው ያስገባል። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚለው መልስ መመሳሰሉ ከልኩ አነሰ ማለት ብቻ ነው። ይህች ሴት እርሷ አይደለችም ማለት አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ከንጋት ጀምራ ወረፋ ለያዘች እናት ግን ትንሽ አይደለም።

ለመሆኑ ጣታቸው እንቢ የሚላቸው እነማን ናቸው? በሳሙናና በበረኪና ልብስ የሚያጥቡ፣ ሽንኩርት የሚከትፉ፣ ከጋለ ምጣድ እንጀራ የሚያወጡ፣ በግንባታ ቦታ ሲሚንቶ የሚያቦኩ ናቸው። የጣታቸው መሥመር ይደበዝዛል። በዕድሜ የገፉትም እንደዚሁ። (እንጀራ ጋግሮ መሸጥ እዚህ ከተማ የስንቶቻችን መተዳደሪያ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።) እንግዲህ ሠርቶ በማደር የጠፋ አሻራ ሰውን ሊያስጠረጥር አይገባም። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሌሊቶች ጣትን ቫዝሊን መቀባት፣ ጠዋት ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ይረዳል። አንዱ ጣት እንቢ ካለ ሌላው ይሞከራል፤ ዐሥሩም የሚወሰዱት አንድም ለዚህ ነው። ዓይን ደግሞ እንደ ጣት በሥራ አይደበዝዝም።

ፊት የሚያየው መሣሪያ የራሱ ጉድለት አለው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችውና በወጣትነቷ ተሰድዳ በአሜሪካ ጥገኝነት ያገኘችው ዶክተር ትምኒት ገብሩ፣ ከጆይ ቡዎላምዊኒ ጋር በ2018 ባወጡት ጥናት ከፎቶግራፍ ላይ ወንድና ሴት የሚለዩ 3 የታወቁ ፕሮግራሞችን ፈትነው ነበር። በነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ100 አንድ እንኳ አልሞላም፤ በጠቆረ ቆዳ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። በ2019 ደግሞ አንድ የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያና ደረጃዎች ተቋም፣ ፊትን ከፊት የሚያስተያዩ ብዙ ፕሮግራሞች የምሥራቅና የምዕራብ አፍሪካ ሰዎችን እርስ በርስ ይበልጥ እንደሚያምታቱ አሳየ። ሁሉም እኩል አይደሉም፤ ደኅና የሚሠሩም አሉ። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎችን አንድ አድርጎ ያየ መሣሪያ «ሁለት ጊዜ ተመዝግበሃል» የሚል ክስ ሊያመጣ ይችላል።

አንዴ የገባ መዝገብ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። በጎረቤት ኬንያ በድርቅና በችግር ዘመን እርዳታ ለማግኘት በስደተኛነት የተመዘገቡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የአገሪቱ ዜጎች፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎች፣ ካደጉ በኋላ መታወቂያ ሲጠይቁ አሻራቸው በስደተኞች መዝገብ ውስጥ ተገኘና ተከለከሉ። ብዙዎቹ ያኔ ልጆች ነበሩ። ጣት መቀየር አይቻልም።

በመሆኑም መሣሪያው ሲመልሳችሁ ዝም ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። ሌላ ጣት እንዲሞከር፣ ቀጥሎም ዓይን እንዲታይ ጠይቁ። ይህም ካልሆነ ኃላፊው በፎቶግራፋችሁና በወረቀታችሁ አይቶ እንዲወስን በትሕትና፣ ግን ሳትታክቱ ጠይቁ። የመጣችሁበትን ቀንና የተሰጣችሁን መልስ ጻፉ፤ መጻፍ የማይችል ካለ አብሮት የተሰለፈው ይጻፍለት። በኡጋንዳ በ2019 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ስለ እኛ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማስታረም መብት ይሰጣል፤ ይህ መብት ለስደተኛም ነው። በአሠሪ በር ላይ ጣታቸውን የሚነኩም ሥራ ሲለቁ አሻራቸው ይደመሰስ እንደሆነ ቢጠይቁ ነውር የለበትም።

ደብዳቤ ማጻፍ የምትፈልጉ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ጠረጴዛው ዘንድ እንቆያለን። ወረቀታችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፤ ዋናውን ግን ለማንም አታስረክቡ፣ ለእኛም ቢሆን።