ማን የማንን መዝገብ ያያል?

በአርሲ ነገሌ አንድ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ወርሃዊ ሪፖርት በዲኤችአይኤስ 2 ሲሞላ፣ ሥርዓቱ ሁለት ነገር ያጣራል፦ ምን እንዲሠራ ተፈቅዶለታል? በየትኛው ተቋም መረጃ ላይ? የመጀመሪያውን የሥራ ድርሻው፣ ሁለተኛውን የተመደበበት ተቋም ይመልሳል። ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣው፣ ጤና ሚኒስቴርም የሚጠቀምበት ይህ ሶፍትዌር መረጃ የሚሞላበትንና የሚታይበትን ተቋም ጭምር ለየብቻ ይመዘግባል። ስለዚህ የወረዳ ባለሙያ በሥሩ ያሉትን ጤና ጣቢያዎች ሁሉ እያየ፣ የአንዱንም ቁጥር እንዳይነካ ማድረግ ይቻላል።

በ2004 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ሬይልስና በመሰል የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፎች እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ፣ ተጠቃሚና ተቋም በየራሳቸው ሠንጠረዥ ይቀመጣሉ፤ ሦስተኛ ሠንጠረዥ ያገናኛቸዋል። የሥራ ድርሻው የሚጻፈው በዚህኛው ላይ ነው፤ አንድ ሰው በአንዱ ተቋም መዝጋቢ፣ በሌላው ተመልካች ብቻ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ በግንኙነቱ ላይ ቅድመ ሁኔታ ይታከላል፦ «ድርሻው መዝጋቢ የሆነባቸው ተቋማት ብቻ»። ሕጉ አንዴ ስለተጻፈ በየገጹ መድገም አያስፈልግም።

ችግሩ፣ ቅድመ ሁኔታው ማጣሪያ እንጂ ዘበኛ አለመሆኑ ነው። ፕሮግራመሩ መዝገቡን በግንኙነቱ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ከሠንጠረዡ ከጠራው፣ ሌላ ፍተሻም ከሌለ፣ በድረ ገጹ አድራሻ ላይ ያለውን ቁጥር የቀየረ ተጠቃሚ የጎረቤት ወረዳን መዝገብ ይከፍታል።