መሮጫውን ስጧቸው

ከዛሬ ጀምሮ የስፖርት መምህራን የምትባሉ ልጆቼ፣

ላስታ ላይ ቆሜ ስለ ስኳሽ ላወራችሁ ነው። ሁለት ሰዎች በአራት ግድግዳ መካከል ትንሽ የጎማ ኳስ በራኬት እየመቱ ከግድግዳ የሚያጋጩበት፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ጨዋታ ነው። ሄዘር ማኬይ የምትባል አውስትራሊያዊት በዘመኑ ትልቁን ውድድር፣ የብሪታንያ ኦፕንን፣ 16 ጊዜ በተከታታይ ወስዳለች። የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘጋጀው በ1968 ዓ.ም. ብሪዝበን ላይ ነው። ያኔ 35 ዓመቷ ነበር። ገባች፤ አሸነፈች። ጉልበቱስ ድሮም ነበራት፤ የዘገየው ውድድሩ ነው።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይለይም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ወርቅ ካጠለቀ በኋላ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት ለወርቅ ስትበቃ ለማየት 32 ዓመት ጠብቀናል። ሴቶቻችን አቅም አንሷቸው ነው የሚል ካለ መዝገቡን ይግለጥ። በኦሎምፒክ የሴቶች ማራቶን የተጀመረው በሎስ አንጀለስ፣ የሴቶች 10 ሺሕ ሜትር ደግሞ በሴኡል ነው፤ ሁለቱም ላይ አገራችን አልተሳተፈችም። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ተገኘን፤ ደራርቱ ቱሉም 10 ሺሑን አሸነፈች። በሚቀጥለው ኦሎምፒክ ፋጡማ ሮባ ከአትላንታ የማራቶኑን ወርቅ ይዛ ገባች። በሩ በተከፈተ ማግስት የገቡ ልጆች ናቸው። ከእነሱ በፊት በር ተዘግቶባቸው ያረጁትን ሳስብ ግን ያንገበግበኛል።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የሴቶች ስኳሽ የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው ጊዛ ነበር፤ በፒራሚዶቹ ፊት በተተከለ የመስታወት ሜዳ። ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱም ግብፃውያት ነበሩ፤ ኑር ኤል ሸርቢኒ ራኒም ኤል ወሊሊን አሸነፈች። የካይሮ ታዳጊ ልጅ የዓለም ዋንጫ ሲነሳ ለማየት ባሕር መሻገር አላስፈለጋትም።

ላሊበላም ዓለም የሚያውቃት ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሌላ አገር ያለ ሯጭ ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገውን አየር የእኛ ልጆች ጀሪካን አዝለው ዳገት ሲወጡ በየቀኑ ይተነፍሱታል። ወልድያ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ትልቅ ስታዲየም አላት። የቸገረን ከቀበሌ ተነስቶ እዚያ የሚያደርስ የሴት ልጆች ውድድር ነው። ለገና ወንዶቹ ገናቸውን ሲጫወቱ ሴቶቹ ዳር ቆመው ያያሉ፤ በየትምህርት ቤቱም ኳሷ የወንዶቹ ናት። ብዙ ልጅ ምን ያህል እንደምትሮጥ ሳታውቀው ትዳራለች።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አሸንድዬ የልጃገረዶች በዓል ነው፤ ነሐሴ 16 ከየገጠሩ ተሰብስበው ይመጣሉ። ጭፈራው በቦታው ይሁን። በማግስቱ ግን ሩጫ አዘጋጁላቸው፤ ርቀቱ ተለክቶ፣ ሰዓት ተይዞ፣ ስማቸው በመዝገብ ተጽፎ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሳይቋረጥ። እናት አባቶችም መጥታችሁ ከዳር ቁሙላቸው፤ ልጅ በእናቷ ፊት ስትሮጥ እግሯ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሽልማት በእኔ ይሁን። እናንተ ከሰኞ ጀምሮ መመዝገብ ጀምሩ።