ኀዘን በሰው አገር



ሞት የሌለበት አገር የለም። የኀዘን ወጉ ግን እንደየአገሩ ነው።

በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የሰላም ጓድ የሚባሉ ከ270 የሚበልጡ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች በአገራችን ማስተማር ጀመሩ። በዓመቱ፣ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንታቸው ጆን ኬኔዲ ተገደሉ። ወሬው ሲሰማ ጎረቤትና ተማሪ ወደ መምህራኑ ቤት ሄደ፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ተቀመጠ። ለኛ ይኼ ምን ያስገርማል? ለቅሶ መድረስ ነው። ለነሱ ግን እንግዳ ነገር ነበር። በነሱ አገር ብዙውን ጊዜ ኀዘንተኛን አጽናንተው ፋታ ይሰጡታል፤ አበባ ወይም ካርድ ይልኩለታል። እንባውን ዋጥ ያደረገ ሰው ጠንካራ ይባላል። በኛ ዘንድ ግን ኀዘንተኛን ብቻውን መተው ነውር ነው።

የቀብሩም ነገር ይለያያል። ኬኔዲ የተቀበሩት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እኛ ግን በዕለቱ ወይም በማግስቱ እንቀብራለን። ስለዚህ ሰው አገር ላለ ልጃችን ቀብር አይጠብቀውም፤ የሚደርሰው መርዶ ብቻ ነው።

መርዶ ደግሞ ወግ አለው። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራል። ፈረንጆቹ ግን ወዲያው አለመንገር እንደ መደበቅ ይመስላቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ማንበብ ለማይችል ሰው ደብዳቤ ሲመጣ ሌላ ያነብለታል። አንባቢው የሞት ወሬ ካየ አፉን ይይዛል፤ ዘመድ ይጠራል። ፊደል የቆጠረ ሰው ግን ደብዳቤውን ራሱ ይከፍታል። ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መርዶውንም ብቻውን ያነባል ማለት ነው። በስልክ ዘመንም ያው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሩቅ ላለ ሰው ሞትን በደብዳቤ አንጻፍ። አጠገቡ ላለ ወዳጅ እናስታውቅ፤ እሱ ሰው ይዞ ይሂድ።

በመካከላችን የሚሠራ እንግዳ ዘመዱ ቢሞትበት እንድረሰው። ቡና እናፍላለት፤ ጥቂት እንቀመጥ። ከዚያ «እንቆይ ወይስ እንሂድ?» ብለን እንጠይቀው። ባያለቅስ «አላዘነም» አንበል።

እኛም ሰው አገር ኀዘን ቢደርስብን «ሦስት ቀን እንቀመጣለን፤ ኑልን» ብለን እንንገራቸው። የቀሩት ንቀውን ላይሆን ይችላል፤ ወጉን ስላላወቁ ነው።

ነፍስ ይማር ማለት በየቋንቋው አለ። አባባሉን እንማማር።