«ሴት ያሳደገው»

 

«ሴት» የምትለው ቃል በራሷ ጥፋት የለባትም። ነገር ግን ልጅ ሲያጠፋ ከአንደበታችን ምን ይወጣል? «ሴት ያሳደገው!» ይህ ስድብ በጎፋም፣ በላፍቶም፣ በጀሞም ይሰማል፤ መድረሳ ደጃፍ ላይ ሳይቀር። «እናት ያሳደገችው» ብሎ የሚሳደብ ግን የለም። «እናት» ስንል እናከብራታለን፤ ያችኑ ሰው «ሴት» ብለን መሳደቢያ እናደርጋታለን። ሰዋስዉንም ልብ በሉ፦ «ያሳደገችው» አይልም፣ «ያሳደገው» ነው የሚለው። ድካሙ የእርሷ መሆኑን እንኳ ግሡ ነፈጋት።

እስቲ ሴት ያሳደገቻቸው እነማን እንደነበሩ እንይ። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አባት ዐብዱላህ የሞቱት እርሳቸው ሳይወለዱ ነው። እናታቸው አሚና አብዋእ ላይ ሲሞቱ ነቢዩ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ ምድረ በዳ ይዘዋቸው ወደ መካ የተመለሱት በረካ ናቸው፤ ኡሙ አይመን የምንላቸው፣ የእኛው የሐበሻ ሴት! አያታቸውና አጎታቸው በተራ ቢያሳድጓቸውም የበረካ እጅ አልተለያቸውም።

ሐጀርስ? ሕፃኑን ኢስማዒልን ይዘው በዚያ ደረቅ ሸለቆ ብቻቸውን ቀሩ። ውሃ ፍለጋ በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ተመላለሱ። ዛሬ ሐጅ የሄደ ወንድ ሁሉ፣ ቱጃርም ይሁን ባለሥልጣን፣ የአንዲት ልጅ አሳዳጊ ሴት ዱካ ይከተላል።

ኢማም ሻፊዒይ በ150 ዓመተ ሂጅራ ጋዛ ተወለዱ። አባታቸው በሕፃንነታቸው ስለሞቱ ወደ መካ ወስደው ለዒልም ያበቋቸው እናታቸው ናቸው። በ164 የተወለዱት ኢማም አሕመድ፣ በ194 የተወለዱት ኢማም ቡኻሪም እንዲሁ በእናት እጅ ያደጉ የቲሞች ነበሩ። ከአገራችን ሙስሊም ብዙው የሻፊዒይን መዝሀብ ይከተላል። በእርሳቸው መዝሀብ ሰግደን ስንወጣ ነው እንግዲህ የቲሙን ልጅ በእናቱ የምንሰድበው!

አራተኛው ሱራ 176 አንቀጾች አሉት፤ ስሙም «አን-ኒሳእ»፣ ሴቶች ማለት ነው። ገና በሁለተኛው አንቀጽ የሚያነሳው የየቲሞችን ገንዘብ ነው።

በሠፈራችን ጎህ ሳይቀድ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት ደርድራ የምትውል፣ በዚያችው ገንዘብ ልጇን ቁርኣን የምታስቀራ ሴት ጥቂት አይደለችም። ልጁን ልታስመዘግብ ስትመጣ «አባት ወይም አጎት ይምጣ» ብለን ከደጅ አንመልሳት። «አሳዳጊ» በሚለው ቦታ ላይ የእርሷን ስም እንጻፍ፣ ከነአባቷ ስም።