ላንጋኖ ደርሰን ስንመለስ



ከቸርችል ጎዳና ግርጌ፣ ከለገሃር፣ ንጋት ላይ በኪራይ ሚኒባስ ተነሣን። ድሮ ከዚያ ጣቢያ ባቡር እስከ ጅቡቲ ወደብ ያደርስ ነበር፤ የእኛ ባሕር ግን 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ላንጋኖ ነው።

ሞጆን እንዳለፍን ድስቱ ተደፍቶ የአንዳችን ነጠላ ወጥ በወጥ ሆነ። ዝዋይን እንዳለፍን ጎማ ተነፈሰ፤ ተቀያሪውም ባዶ ነበር። ሾፌሩ ተቀያሪውን ይዞ ጎሚስታ ፍለጋ በመንገደኛ መኪና ሲሄድ፣ እኛ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ዳር ቀረን።

በብድር ዋስትና ተኳርፈው ለ7 ወር ያልተነጋገሩ ሁለት እህቶቻችን በአንድ ጃንጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ሌላ ጥላ አልነበረም። መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቻቸው፣ በመጨረሻ ስለ ገንዘቡ አወሩ። ሾፌሩ ሲመለስ ዕዳው በየወሩ ስንት እንደሚከፈል ተስማምተው ነበር። ማታ ቡናማው ሐይቅ ዳር እግራቸውን አብረው ታጠቡ።

«ለሽርሽር ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው» ያልን ብዙዎች ነበርን። ስንት ጊዜ ተሰብስበን ያልፈታነውን አንድ ጎማ ፈታው። ይሁንና በሚቀጥለው ጉዞ ተቀያሪውን ሳናይ አንሳፈርም።