ሌሊት የመጣው መምህር

የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኒቆዲሞስ ይባላል። ኒቆዲሞስ የአይሁድ አለቃና መምህር ነው፤ ወደ ጌታ የመጣው ግን በሌሊት ነበር። ዳግመኛ ስለ መወለድ ሲነገረው ሽማግሌ እንዴት ወደ እናቱ ማኅፀን ይመለሳል ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄውን እወድለታለሁ፤ ያልገባውን እንደገባው አላስመሰለም።

ይህ ዳግመኛ መወለድ በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸመው በጥምቀት ነው፤ ወንዱ ሕፃን በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ሕፃኑ ከውኃው እየጮኸ ሲወጣ፣ ካህኑ ሜሮን ቀብተው ማተቡን ሲያስሩለት ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይነካኛል፤ ሕፃኑ ምንም ይዞ አልመጣም፣ ልደቱ ስጦታ ነው። በዚያ ልደት ማደግ ግን ዕድሜ ልክ ይወስዳል። ኒቆዲሞስም እንዲያ ነው። በስቅለቱ ዕለት፣ ብዙዎች በሸሹበት ሰዓት፣ መቶ ነጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ የጌታን ሥጋ ሊገንዝ መጣ።