መገናኛ ላይ የቆመ ወጣት



ዛሬ ጠዋት ወደዚህ አዳራሽ ስመጣ የታክሲው ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ሲጣራ ብቻዬን ሣቅሁ። ለእናንተ ለተመራቂዎቹ መገናኛ ከቦሌ፣ ከገርጂና ከሲኤምሲ የሚመጣ ሰው ታክሲ የሚቀይርበት ቦታ ነው። በወታደር አፍ ግን የሙያ ስም ነው፤ መልእክትን በኮድ የሚልክ፣ የጠላትንም ሬድዮ የሚያዳምጥ ክፍል። ሰሞኑን ከእናንተ መካከል ጥቂቶች ወደዚህ ሙያ በየትኛው ሥልጠና ብንገባ ይሻለናል ብላችሁ ጠይቃችሁኛል።

ቅርብ ያሉት በሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ቢሾፍቱ ያለው የመከላከያ ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ነው፤ ዩኒፎርም ለብሳችሁ ትማራላችሁ። ሌላው እዚሁ ወሎ ሰፈር ያለው፣ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው፤ በሳይበር ታለንት ማዕከሉ በክረምት ወጣቶችን ያሠለጥናል። ስለ ደመወዙና ስለ ማዕረጉ ከእኔ የተሻለ የሚነግራችሁ አታጡም። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፦ ስትሳሳቱ ማን ያርማችኋል?

ለምን እንደምጠይቅ ታሪካችን ይንገራችሁ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን ለማጥቃት ሲነሣ የጣልያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ አስቀድሞ ሰምቶ ነበር። ጣልያኖች የሬድዮ መልእክታችንን እየጠለፉ ያነቡ ነበርና። ሬድዮስ ነበረን። ያጣነው፣ በእኔ ግምት፣ «ጌታዬ፣ ይህ ኮድ ተበልቷል» ብሎ ደፍሮ የሚናገር የሠለጠነ ሰው ነው።

በኋላ ደግሞ ቃኘው መጣ። አሜሪካኖች እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ አሥመራ ላይ ሆነው የሩቁን ሬድዮ ሲያዳምጡበት የኖሩት ጣቢያ የተጠራው በራስ መኰንን ፈረስ ስም ነው። ክራር ይቃኛል፣ አገርም ይቃኛል፤ ለማዳመጫ ጣቢያ ከዚህ የሚስማማ ስም አላውቅም። ስሙ የእኛ፣ ጆሮው የሰው።

እነዚያው አሜሪካኖች በፎርት ሚዱ የመልእክት ጠለፋ ተቋማቸው ለጀማሪ መኮንኖች አንድ፣ ለባለሌላ ማዕረጎች ደግሞ ሌላ የሦስት ዓመት ፕሮግራም አላቸው። ሠልጣኙ ከቢሮ ቢሮ እየተዘዋወረ ከነባሮቹ ጎን ይሠራል። የምወድላቸው ይህን ነው።

እኔም በዚህ ሙያ ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሌሊት አለቃዬ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አንሥቶ ወደ እኔ አስጠጋና «ይህ የትናንቱ ሰውዬ አይደለም» አለኝ። ለእኔ ሁሉም ያው ዲት ዳ ነበር። እሱ ግን ሞርስ የሚመታ ሰው እንደ ጽሕፈቱ ሁሉ የራሱ እጅ እንዳለው አሳየኝ፤ አንዱ ሰረዙን ያስረዝማል፣ ሌላው ፊደል ሊለውጥ ሲል ያዘግማል። ያን ለመለየት ሁለት ወር ከጎኑ መቀመጥ ፈጀብኝ። ሞርሱ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ያ የጆሮ ትዕግሥት ግን ኮምፒዩተር ፊትም ያስፈልጋል፤ መሣሪያ በየአምስት ዓመቱ ይለወጣልና።

ቋንቋንም አትናቁ። ቦሌ ሚካኤል ያደገ ልጅ ሶማልኛን ከሱቅ ደጃፍ ለቅሞታል፣ አንዳንዱም ዐረብኛ ጨምሮበታል። ማመልከቻ ሲሞላ ግን የፕሮግራሚንግ ኮርሶቹን ይደረድርና ይህን ይዘለዋል! የተጠለፈ ንግግር ውስጥ ቀልዱን ከዛቻው የሚለይ ሰው ከብዙ ሶፍትዌር ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የሰው ደብዳቤና የስልክ ንግግር እንዳይደፈር ይደነግጋል። ይህን አንቀጽ በመጀመሪያው ወር የማያስተምር ሥልጠና፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ለልጄ አልመርጥለትም። ጠላትን የሚያዳምጥ ጆሮ ወደ ጎረቤት ለመዞር ብዙ አይቸገርም።

እንግዲህ ሜዳና ሬድዮ የሚማርካችሁ ወደ ቢሾፍቱ፣ መረብና ኮድ የሚማርካችሁ ወደ ወሎ ሰፈር ሂዱ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ከሁለት ዓመት በፊት የገባ አንድ ልጅ ፈልጋችሁ ሻይ ጋብዙት። ስለ ሥራው አይነግራችሁም፤ ሊነግራችሁም አይገባም። «አለቃህ እንዴት ነው?» በሉትና ፊቱን እዩት።